ከእንቅልፍ በፊት ያለችው ቅጽበት፦ የአንድ የከርነል ጥገና ግምገማ

በባሕር ዳር በምሠራበት ተቋም ካሉት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ የሚገኝ ቨርቹዋል ማሽን (በእውነተኛ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ ይልና ማንም ሳይነካው ሥራውን መልሶ ይቀጥል ነበር። ችግሩ የሚታየው ሥራ ሲበዛ ሳይሆን ሲቀንስ፣ በተለይም በማለዳና በምሳ ሰዓት ነበር። የተጨናነቀ ማሽን ቢዘገይ ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ማሽን ለቀላል ጥያቄ መልስ ሲነፍግ ግን ጥርጣሬው ከጭነት ወደ መቀስቀስ ሊዞር ይገባል። አብራኝ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ይህንኑ ጥርጣሬ ተከትላ ምክንያቱን ሃርድዌሩን ከሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት፣ ከከርነሉ ውስጥ አወጣች፤ ጥገናውንም ጽፋ እንድገመግመው ላከችልኝ። የግምገማውን ሂደት እዚህ የማሰፍረው እንዲህ ያለ ጥገና በምን ዓይን መታየት እንዳለበት በአማርኛ ተጽፎ ቢገኝ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

በእውነተኛ ማሽን ላይ ዲስኩ ወይም የኔትወርክ ካርዱ ሥራውን ሲጨርስ ለፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት፣ ማለትም የያዘውን አቋርጦ እንዲያስተናግደው የሚጠይቅ ምልክት ይልካል። በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ይህን የሚቀበለው በእያንዳንዱ ኮር ላይ ያለው ሎካል ኤፒክ የተባለው ክፍል ነው። ኢንተራፕቶቹ ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ ቁጥሮች የሚለዩ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 32 ፕሮሰሰሩ ራሱ ለሚያነሣቸው የስህተትና መሰል ምልክቶች የተጠበቁ ናቸው። ኤፒኩ የመጣውን ኢንተራፕት አይአርአር በሚባለው ባለ256 ቢት መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀበለው ወደ አይኤስአር ይዛወራል፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ደግሞ ከርነሉ ኢኦአይ በሚባለው ትእዛዝ መጨረሱን ያሳውቃል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለው እንግዳ ሥርዓት የሚያየው ኤፒክ ግን እውነተኛው አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. ከ2.6.20 እትም ጋር ወደ ሊኑክስ የገባው፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ኬቪኤም ዛሬ እነዚህን መዝገቦች በአስተናጋጁ፣ ማለትም እንግዳውን በያዘው እውነተኛ ማሽን ከርነል ውስጥ ይይዛቸዋል፤ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ሲሆኑም ከሃርድዌሩ እገዛ ያገኛል።

ዋናው ነጥብ፣ በአስተናጋጁ ዓይን እያንዳንዱ ቪሲፒዩ (የቨርቹዋል ማሽኑ ፕሮሰሰር) አንድ ተራ ትሬድ (ከርነሉ ተራ እየሰጠ የሚያስኬደው የሥራ ክር) መሆኑ ነው። እንግዳው የሚሠራው ሲያጣ ኤችኤልቲ የተባለውን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ በዚያን ጊዜ መቆጣጠሪያው ወደ አስተናጋጁ ይመለስና ትሬዱ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ኢንተራፕት ሲመጣ ላኪው ወገን ሁለት ነገር ያደርጋል። አስቀድሞ ኢንተራፕቱን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ቪሲፒዩው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያያል። ቪሲፒዩው የእንግዳውን ኮድ እያስኬደ ከሆነ ለኮሩ ምልክት ይልክለታል፣ ተኝቶ ከሆነ ይቀሰቅሰዋል፣ ነቅቶ አስተናጋጁ ውስጥ ከሆነ ግን ወደ እንግዳው ከመመለሱ በፊት መዝገቡን ማየቱ ስለማይቀር ምንም አያደርግም። አደጋው የሚያደባው በዚህ በሦስተኛው ሁኔታ ላይ ነው፤ ነቅቷል ተብሎ የተተወው ቪሲፒዩ ወደ እንግዳው ሊመለስ ሳይሆን ሊተኛ እየተሰናዳ ሊሆን ይችላልና።

በጣና ዳር ታንኳ የሚጠብቅ መንገደኛ አለ እንበል። መንገደኛው ሐይቁን ተመልክቶ ታንኳ አለመኖሩን ካየ በኋላ ከዋርካው ሥር ሊተኛ ይሄዳል፤ ቀዛፊው ደግሞ ወደቡ ላይ ሲደርስ ከዋርካው ሥር የተኛ ሰው ካየ ብቻ ይጣራል፣ ካላየ መንገደኛው ነቅቷልና ራሱ ይመጣል ብሎ ዝም ይላል። ታንኳው የደረሰው መንገደኛው ከሐይቁ ወደ ዋርካው በሚራመድበት ቅጽበት ከሆነ ቀዛፊው የተኛ ሰው አላየም፣ መንገደኛውም ታንኳ አላየም፤ ሁለቱም ሥርዓታቸውን ጠብቀው ሳይገናኙ ይቀራሉ። መፍትሔው መንገደኛው አስቀድሞ ከዋርካው ሥር ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ከመክደኑ በፊት ሐይቁን ዳግመኛ እንዲመለከት ማድረግ ነው። ከርነሉም የሚከተለው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ ትሬዱ አስቀድሞ ሁኔታውን «ልተኛ ነው» ወደሚለው ይቀይራል፣ ከዚያ የሚጠብቀው ነገር መጥቶ እንደሆነ ያጣራል፣ ካልመጣ ብቻ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ይለቃል።

የእኛ ስህተት ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠበት ነበር። ዋናው የሊኑክስ ኮድ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ ስህተቱ የገባው ተቋማችን በቆየ የከርነል እትም ላይ ለራሱ ጥቅም ባከለው ለውጥ ነው። ኬቪኤም ቪሲፒዩን ወዲያው አያስተኛውም፤ ኢንተራፕት ቶሎ ሊመጣ ይችላል በሚል ግምት ለአጭር ጊዜ ነቅቶ ይጠባበቃል፣ በአሁኑ የኤክስ86 ኮድ የዚህ ጥበቃ ነባሪ ጣሪያ 200,000 ናኖ ሰከንድ ነው። የእኛ ለውጥ የጥበቃውን ርዝመት እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ለመወሰን የተጻፈ ሲሆን፣ ጸሐፊው በጥበቃው መጨረሻ ላይ የተገኘውን ውጤት በአንድ ተለዋዋጭ አስቀምጦ ትሬዱ ከመተኛቱ በፊት ያንኑ ውጤት ተጠቀመበት። መዝገቡ ሁለት ጊዜ መፈተሹ ትርፍ ሥራ መስሎት ይሆናል። በመጨረሻው ፍተሻና በሁኔታው መቀየር መካከል ያለችው ቅጽበት ግን ክፍት ሆና ቀረች።

እዚህ ላይ በደንብ መለየት ያለበት ነገር አለ። ኢንተራፕቱ አልጠፋም፤ ቢቱ አይአርአር ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የጠፋው ማንቂያው ነው። ስለዚህም ነው ማሽኑ ጨርሶ ሳይሞት ከቆይታ በኋላ በራሱ የሚነቃው፤ ሌላ ኢንተራፕት በመጣ ጊዜ ቪሲፒዩው ይነሣና የቀደመውንም አብሮ ያገኘዋል። ባልደረባዬን ወደ እውነቱ ያደረሳት ፍንጭም ይኸው ነው፤ ማሽኑ ቀጥ ባለበት ሰዓት ከሌላ ማሽን የፒንግ መልእክት ስትልክለት ወዲያው መንቃቱን አስተዋለች። የድሮ ከርነሎች ሥራ ባይኖርም በሰከንድ ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ የታይመር ኢንተራፕት ስለነበራቸው እንዲህ ያለው ስህተት ቢኖርም በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ተሸፍኖ ያልፍ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ2.6.21 እትም ጀምሮ ግን ሊኑክስ ሥራ ሲያጣ የታይመሩን ምት ማቆም ቻለ፤ ለኃይል ቁጠባ ትልቅ እርምጃ ሆኖ ሳለ፣ በስህተት የተኛን ቪሲፒዩ የሚቀሰቅስ ሌላ ድምፅ አብሮ ቀርቷል።

ከቢሯችን ሰዎች አንዱ የታይመሩ ምት በእንግዳው ላይ ዳግም እንዲበራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ለጊዜው ቢደረግ አልተቃወምኩም፤ ጥገና ነው መባሉን ግን አልተቀበልኩም። ሰከንዶች የነበረውን መዘግየት ወደ ሚሊ ሰከንዶች ዝቅ አድርጎ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ስህተቱን ከቦታው አያነሣውም፤ ከዓይን የተሰወረ የመዘግየት ስህተት ደግሞ ከሚታየው ይልቅ የሚያሠጋ ነው፣ ማንም ወደ እርሱ አይሄድምና።

የባልደረባዬ ሥራ በሦስት ፓች (ለየብቻ በሚታይ የኮድ ለውጥ) ተከፍሎ ነበር የመጣው። የመጀመሪያው ዋናው ጥገና ሲሆን፣ በተለዋዋጩ የተያዘውን ውጤት ትቶ የትሬዱ ሁኔታ ከተቀየረ በኋላ መዝገቡን እንደገና የሚፈትሽ ነው። ይህን ስገመግም ቀዳሚ ጥያቄዬ በሁለቱ መስመሮች መካከል ሜሞሪ ባሪየር (የሜሞሪ ጽሑፍና ንባብ ቅደም ተከተል እንዳይዛባ የሚያስገድድ ትእዛዝ) አለ ወይ የሚል ነበር። መስመሮቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የኤክስ86 ፕሮሰሰር አብዛኛውን የሜሞሪ ቅደም ተከተል ቢጠብቅም፣ አንድ ጽሑፍ ገና በስቶር በፈር (ጽሑፎች ወደ ሜሞሪ ከመድረሳቸው በፊት በሚቆዩበት የኮሩ ማቆያ) ውስጥ ሳለ ከእርሱ በኋላ ያለው ንባብ ቀድሞት እንዲፈጸም ይፈቅዳል። የእኛ ጉዳይ ደግሞ በትክክል ይህ ነው፤ ቪሲፒዩው የራሱን ሁኔታ ጽፎ የላኪውን ቢት ያነባል፣ ላኪው ቢቱን ጽፎ የቪሲፒዩውን ሁኔታ ያነባል። ሁለቱም ጽሑፎች በየበፈራቸው ሳሉ ሁለቱም ንባቦች ከተፈጸሙ ሁለቱም ወገን አሮጌውን ያነባል፣ መንገደኛውና ቀዛፊውም ዳግመኛ ይተላለፋሉ። እርሷ የተጠቀመችበት የከርነሉ የሁኔታ መቀየሪያ ማክሮ ሙሉ ባሪየር በውስጡ የያዘ ነው፤ በላኪው በኩልም የመቀስቀሻው ተግባር የትሬዱን ሁኔታ ከማንበቡ በፊት ባሪየር አለው። ስለዚህ ጥንዱ የተሟላ ነው። ሌላው ያጣራሁት የፍተሻው ስፋት ነበር፤ ሃርድዌሩ ኢንተራፕትን በቀጥታ ማድረስ በሚችልባቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ቢቱ መጀመሪያ የሚጻፈው ፒአይአር በተባለ ሌላ ባለ256 ቢት ቦታ ስለሆነ፣ አይአርአርን ብቻ የሚያይ ፍተሻ ግማሽ ፍተሻ ነው። የእርሷ ሁለቱንም ያያል።

ሁለተኛው ፓች አስተያየቶችን ብቻ የሚጨምር ነበር፤ እኔ ግን ከሦስቱ እጅግ ያከበርኩት እርሱን ነው። ከእያንዳንዱ ባሪየር ጎን ጥንዱ በየትኛው ፋይል፣ በየትኛው ተግባር ውስጥ እንደሚገኝ ጽፋለች። ባሪየር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በሌላው ወገን የሚመልስለት ጥንድ ሲኖረው ነው ሥራ የሚሠራው፣ ጥንዱ ያልተጻፈለት ባሪየር ደግሞ አንድ ቀን ትርፍ መስሎ ይነሣል። የኮሚት መልእክቷ (ለውጡ ሲመዘገብ አብሮት የሚጻፈው ማብራሪያ) ግን አጭር ስለነበር የሁለቱን ኮሮች ድርጊት ጎን ለጎን በሁለት ዐምድ እንድታስቀምጥ፣ የትኛው መስመር ከየትኛው በኋላ ሲፈጸም ማንቂያው እንደሚጠፋ እንድታሳይ፣ ስህተቱን ያስገባውንም ኮሚት በመለያው የመጀመሪያ 12 ፊደላት እንድትጠቅስ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ኮዱ እኮ ጥቂት መስመር ነው፤ መልእክቱ ገጽ ሊሞላ አይደለም እንዴ? አይበዛም ይላሉ?» አለችኝ።

«አይበዛም» አልኳት። «ያንን ፍተሻ ያነሣው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ የነገረው አልነበረም እንጂ። አንቺ ካልነገርሽ ከአንቺ በኋላ የሚመጣውም መልሶ ያነሣዋል።»

አልተከራከረችኝም፤ በማግስቱ ያመጣችው መልእክት ከጠየቅሁት በላይ ግልጽ ነበር።

ሦስተኛውን ፓች መልሼዋለሁ። እርሱ የሚመለከተው የኔትወርክ ካርድ በቀጥታ የተሰጣቸውን ቨርቹዋል ማሽኖች ነው። በእነዚህ ላይ ካርዱ የሚልከው ኢንተራፕት የአስተናጋጁን ሶፍትዌር ሳይነካ ሃርድዌሩ ራሱ 64 ባይት በሆነች ገላጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ፒአይአር የሚገኘውም በዚህችው ሰሌዳ ላይ ነው፣ ከእርሱም ጋር ኢንተራፕት እንደመጣ የሚናገር አንድ ቢትና ለማን በየትኛው ቁጥር ይነገር የሚለው መረጃ አብረው አሉ። ቪሲፒዩው ሲተኛ አስተናጋጁ ይህን የማሳወቂያ ቁጥር ወደ ልዩ የማንቂያ ቁጥር ይቀይረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኢንተራፕት አስተናጋጁን ይቀሰቅሰዋል፣ የማንቂያው ተቀባይም በዚያ ኮር ላይ የተኙትን ቪሲፒዩዎች ዝርዝር ተመልክቶ ኢንተራፕት ያለውን ያስነሣል። ባልደረባዬ የማሳወቂያ ቁጥሩን አስቀድማ ቀይራ ቪሲፒዩውን ወደ ዝርዝሩ የምታስገባው ከዚያ በኋላ ነበር። በመካከል ማንቂያው ቢመጣ ተቀባዩ ዝርዝሩን ያያል፣ ሰው አያገኝም፣ ይመለሳል። በመጀመሪያው ፓች ያጠፋችው ስህተት ሌላ ልብስ ለብሶ በሦስተኛው ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ዋናው የሊኑክስ ኮድ አስቀድሞ ወደ ዝርዝሩ ያስገባል፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ይቀይራል፣ በቅያሬው ጊዜ የመምጫው ቢት አስቀድሞ ተነሥቶ ከተገኘም ኮሩ ለራሱ የማንቂያ ኢንተራፕት ይልካል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በእርሷ ፓች ውስጥ ጨርሶ አልነበረም።

በዚሁ ፓች የዝርዝሩ ስፒንሎክ (ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ እንዳይነካው የሚጠብቀው ቁልፍ) የሚያዘው ኢንተራፕት ሳይዘጋ ነበር። ተቀባዩ የሚሠራው በኢንተራፕት ውስጥ ስለሆነና ያንኑ ሎክ ስለሚፈልግ፣ ሎኩ ተይዞ ሳለ ማንቂያው በዚያው ኮር ላይ ቢደርስ ኮሩ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል። ይህን ዓይነቱን ስህተት ሎክዴፕ የተባለው የከርነሉ መፈተሻ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለወደፊቱ ፓች ከመላኩ በፊት ሎክዴፕ በበራበት ከርነል ላይ እንዲሞከር ተስማምተናል።

ስለ ሙከራ ጥቂት ማለት አለብኝ። ባልደረባዬ ጥገናውን የሞከረችበት መንገድ ብልህ ነው፤ በፍተሻውና በሁኔታው መቀየር መካከል ሆን ብላ የማይክሮ ሰከንዶች መዘግየት አስገብታ ቅጽበቷን አሰፋቻት። አሮጌው ኮድ በዚህ ሁኔታ ወዲያው ቀጥ አለ፣ አዲሱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቆም አደረ። ቅጽበቷን ሳያሰፉ ለሳምንታት ከመሞከር ይህ እጅግ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ስህተቱ የት እንዳለ ማወቋንም ያረጋግጣል። እንዲያም ሆኖ በስቶር በፈር ላይ የተመሠረተው ግማሽ በመዘግየት ሙከራ አይታይም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሎጂካዊ ማረጋገጫ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ4.17 እትም ጋር ወደ ከርነሉ የገባው መደበኛ የሜሞሪ ሞዴል፣ ኸርድ7 ከተባለው መሣሪያ ጋር፣ ሁለት ትሬዶች ያሏትን አጭር ፕሮግራም ተቀብሎ ሊገኙ የሚችሉትን ውጤቶች ሁሉ ይዘረዝራል። የእኛን ሁኔታ በዚያ ጻፍነው፤ ባሪየሮቹ ሲወጡ ሁለቱም ወገን አሮጌውን ማንበብ እንደሚችል፣ ሲገቡ ግን ፈጽሞ እንደማይችል አሳየን። የሌሊቱ ሙከራ ደስ አሰኝቶኛል፤ ፊርማዬን ያስቀመጥኩት ግን በዚህኛው ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሰነድ ከከርነሉ ምንጭ ጋር አብሮ መምጣቱን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ያሉ ተማሪዎች ቢያውቁ እወዳለሁ። ስለ ሜሞሪ ባሪየሮች የሚናገረው ረጅም ጽሑፍም ሆነ ኬቪኤም ለቪሲፒዩ ጥያቄ ስለሚልክበት መንገድ የተጻፈው በሰነዶች ማኅደር ውስጥ ይገኛሉ፤ የጊት ታሪኩ (የከርነሉ ለውጦች ሁሉ መዝገብ) በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ በቀን ማውረዱ ቢያስቸግርም፣ አንድ ጊዜ በሌሊት ወርዶ በዲስክ ከተገለበጠ ያለ ኢንተርኔት ለብዙ ሰው ይበቃል። የእኛን ስህተት ያስገባው ኮሚት የተገኘውም ሙሉው ታሪክ በእጃችን ስለነበር ነው። ስለ ስቶር በፈር በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የተማረ ሰው በእውነተኛ ኮድ ውስጥ ሲያገኘው የሚሰማውን ደስታ በባልደረባዬ ፊት ላይ አይቻለሁ።

ተቋማችን ያከለው ለውጥ በጠቅላላው ከከርነሉ ለምን አይወገድም የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። እኔም በመሠረቱ የምስማማው በዚህ ነው፤ ተቋም ለብቻው የሚሸከመው የከርነል ለውጥ በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል፣ የጥበቃውን ርዝመትም ዋናው ኮድ ራሱ እንደ ሁኔታው ያስተካክለዋል። ነገር ግን ማውጣቱ የመዘግየት ልኬቶችን እንደገና መውሰድ ይጠይቃል፤ እስከዚያ አገልግሎቱ በስህተቱ ሲቆራረጥ መቆየት የለበትም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፓቾች አጽድቄ ወደ ሥራ እንዲገቡ አድርጌያለሁ፣ ለውጡን ማስወገዱም ከሚቀጥለው የከርነል እድሳት ጋር እንዲታቀድ ጽፌያለሁ። ለሦስተኛው ፓች የጠየቅሁት ዝርዝሩ ከቁጥሩ እንዲቀድም፣ ሎኩ ኢንተራፕት ተዘግቶ እንዲያዝ፣ የመምጫው ቢት ከቅያሬው ጋር እንዲታይና ቅደም ተከተሉ እንደ መጀመሪያው ሁሉ በሁለት ዐምድ ተጽፎ እንዲቀርብ ነው። እስኪመጣ ድረስ ካርድ በቀጥታ የተሰጣቸው ማሽኖች የታይመሩ ምት እንደበራ ይቆያሉ።